እትዬ ሰገን የተቀበሉበት ሸክላ

እትዬ ሰገን ቤተሰባቸው ውስጥ በአንድ ነገር ብቻ አይታመኑም ነበር። በቀረው ሁሉ ቃላቸው ቃል ነው። ሥላሴ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ዕድሜያቸውን በታይፒስትነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው የማያውቁ፣ ሰው ሲያጋንን እንኳ ፊታቸው የሚለዋወጥ ሴት ናቸው። ነገር ግን ሰርግ ቤት ወይም ታክሲ ውስጥ ያ የድሮ የዝናብ ዘፈን ሲመጣ ጣታቸውን ያነሡና «ስሙ፣ ስሙ! እዚህ ጋ ያለሁት እኔ ነኝ» ይላሉ።

«የት ጋ እማዬ?» ይላሉ ልጆቻቸው እየተሳሳቁ።

«ከኋላ። የምንቀበለው እኛ ነን።»

ከኋላ ግን የሚሰማ ሰው የለም። ዘፋኙ አለ፣ አኮርዲዮኑ አለ፣ ከዚያ ወዲያ «ሹ…» የሚል ሹሹታ ብቻ ነው።

ይህን የማውቀው ልጃቸው ሕብረትና እኔ አንድ ትምህርት ቤት ስለምናስተምር ነው። የእሷ ክፍልና የእኔ ክፍል በአንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ይለያያሉ፤ ድምፅዋን ከባሏ ይበልጥ የምሰማው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

የእትዬ ሰገን አባት ከኮንሶ መጥተው ለሚሲዮን መኪና የሚነዱ ሾፌር ነበሩ። እናታቸው የጉራጌ ልጅ ሆነው እዚሁ ፒያሳ ያደጉ ናቸው። ቤታቸው ከውቤ በረሃ ጀርባ ስለነበር ልጅቷ ሰገን በአንድ ጆሮዋ የቤቱን ጸሎት፣ በሌላው የቡና ቤቶቹን ሙዚቃ እየሰማች አደገች። ድምፅዋ የተገራው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት የልብ ጓደኛዋ ፊርደውስ፣ አባቷ ጨርቅ የሚነግዱ የጎረቤት ልጅ፣ እየሮጠች መጣች።

«ገብረትንሣኤ ሸክላ ሊያስቀርጽ ነው» አለቻት። ገብረትንሣኤ በሰፈሩ ስሙ የተነሣ ዘፋኝ ነበር። «ሁለት የሚቀበሉ ሴቶች ጠፍተውበታል። እኔና አንቺ እንሁንለት!»

ሄዱ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የተቸነከረበት ሰፊ ክፍል ነበር። ለሁሉም አንድ ማይክሮፎን ብቻ ቆሟል። ገብረትንሣኤ ከፊት፣ ሁለቱ ልጆች ከእሱ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ፤ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ ምንም ነገር እንዳትነኩ ተባሉ። ሁለት ዘፈን ቀረጹ። አንደኛው ወጥቶ አገሩን ሞላው። ሁለተኛው ይውጣ አይውጣ የነገራቸው የለም።

ሰገን ሸክላውን በእጇ ይዛው አታውቅም። ቤታቸው ማጫወቻ አልነበረም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ቡና ቤት በር ላይ የጫማዋን ክር የምታስር መስላ ቁጭ ብላ የራሷን ድምፅ ሰማች፤ ያ ብቻ ነው። ወሬው አባቷ ዘንድ ሲደርስ አልተቆጡም። «ድምፅሽን የሰጠሽ ማነው?» ብቻ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ ከመዝሙር በቀር አልዘፈነችም። ፊርደውስም አግብታ ድሬዳዋ ወረደች። ገብረትንሣኤ ካረፈ ቆየ።

ዘፈኑ ግን አልሞተም። ሸክላ ሲቀር ወደ ካሴት ተቀዳ፤ ካሴቱ ወደ ሌላ ካሴት፤ ያ ደግሞ ወደ ሲዲ። በተቀዳ ቁጥር ሁለቱ ልጆች ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ እየራቁ ሄዱ።

ባለፈው ዓመት ሕብረት ለእናቷ አዲስ ስልክ ገዛችላቸው። ኤርፎኑን ጆሯቸው ላይ አድርጋ «የቱን ዘፈን ላውርድልሽ?» አለቻቸው። የትኛውን እንደሚሉ ታውቃለች። ጽፋ ፈለገችው፤ እትዬ ሰገን መነጽራቸውን አስተካክለው ሳይጨርሱ አኮርዲዮኑ ጆሯቸው ውስጥ ገባ።

«እንዴ! ከየት መጣ?»

«ከኢንተርኔት ነዋ።»

«እንዲሁ? አሁን? እዚሁ ሶፋ ላይ?»

ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየሰው ሰርግ ሲጠብቁት የኖሩት ዘፈን በመዳፋቸው ላይ ነው፤ ባሰኛቸው ጊዜ ይመጣል፣ በቃ ሲሉት ይቆማል። ሲገርማቸው ሲገርማቸው ቆዩና ወደ ተቀባዮቹ ቦታ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደጋግመው ሰሙት። ከዚያ ኤርፎኑን አወጡ።

«ገብረትንሣኤ አለ። እኛ የለንም» አሉ። ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀምጠው ደግሞ፦ «ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ምናልባት ያ ሌላ ዘፈን ይሆናል።»

ይህች ቃል ሕብረትን አስደነገጠቻት። በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ስንስቅባት ኖረን ኖረን፣ አሁን እሷም ራሷን ማመን አቆመች» አለችኝ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሚናስ የሚባል ሰው አውቅ ነበር። ድሮ ካሴት ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ በፍላሽ ዘፈን ይጭናል። ልቡ ግን መደርደሪያው ላይ ካሉት ሸክላዎች ጋር ነው፤ «ሙዚቃ ከሸክላ ጋር ተቀብሯል» ማለት ይወዳል። ከትምህርት በኋላ ሕብረትን ይዣት ሄድኩ። ከስልኳ ላይ ዘፈኑን ሰማና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ከካሴት የተቀዳ ካሴት ነው» አለ። «ከዚያ ደግሞ ቶሎ እንዲወርድ፣ ቦታ እንዳይዝ ብለው ጨምቀውታል። ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ከኋላ ያለው ስስ ድምፅ ነው።»

«ሸክላው ላይስ ይኖራሉ?» አለች ሕብረት።

«ማይኩ አጠገብ ቆመው ከነበረ የት ይሄዳሉ?»

እሱ ጋ ግን ሸክላው አልነበረም። ፈልጎ እንደሚደውል ነገረን፤ ወራት አለፉ፤ እኛም ተስፋ ቆረጥን። የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ጓዳ ውስጥ የረሳውን ዕቃ አወጣ። ከሚለቁት ቤተሰቦች አንዱ ሙሉ ካርቶን ሸክላ አምጥቶ ለሚናስ ትቶለት ሄደ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለሕብረት ደወለላት፦ «እናትሽን ይዘሻቸው ነይ።»

ሦስታችንም ሄድን። ሚናስ ለእትዬ ሰገን ወንበር አቀረበላቸው። ሸክላው ከሻይ ሰሃን ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ደብዝዟል፣ የገብረትንሣኤ ስም ብቻ ይነበባል። በእርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን ጠረገው፣ አስቀመጠው፣ መርፌውን አሳረፈ።

መጀመሪያ ጨው እሳት ላይ ሲረጭ የሚሰማው ዓይነት መንጣጣት መጣ። ከዚያ፣ ሙዚቃው ገና ሳይጀምር፣ ሰው ሲተነፍስ ሰማን። ሁለት ሰዎች አብረው አየር ሳቡ። ሱቁ ውስጥ የተነፈሰ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

አኮርዲዮኑ ገባ፣ ገብረትንሣኤ ስንኙን አወረደ፣ እና «መጣ፣ መጣ» ብለው ሁለት ልጃገረዶች ተቀበሉት። የአንዷ ድምፅ ቀጭን፣ የሌላዋ ወፈር ያለ። ሹሹታ አይደሉም፤ መደርደሪያው አጠገብ የቆሙ ያህል ናቸው። ማን በስተቀኝ፣ ማን በስተግራ እንደቆመ ጣት ጠቁሞ መናገር የሚቻል መሰለኝ።

«ቀጭኗ ፊርደውስ ናት» አሉ እትዬ ሰገን በሹክሹክታ። «ወፍራሟ…»

መጨረስ አላስፈለጋቸውም። ወፍራሟን እኔ አውቃታለሁ። በየቀኑ በዚያ ስስ ግድግዳ በኩል የምሰማት የሕብረት ድምፅ ናት፤ ሕብረት ስም ስትጠራ፣ ሕብረት ልጆች ስታረጋጋ። ሕብረት ግን አጠገቤ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ሳትወለድ በፊት የተቀረጸ ሸክላ ላይ የራሷ ድምፅ ይዘፍናል።

«እማዬ» አለች። «አንቺ ነሽ። እኔን ትመስያለሽ።»

«አንቺ ነሽ እኔን የምትመስይው» አሉ እትዬ ሰገን፣ ዓይናቸውን ከሚሽከረከረው ሸክላ ላይ ሳያነሡ።

ሚናስ እንደገና አጫወተው። መንገደኞች በሩ ላይ መቆም ጀመሩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሸክላውን ገለበጠው።

«ጀርባው ላይም አለ እንዴ?» አሉ እትዬ ሰገን።

«ሁለተኛው ዘፈን ነዋ። ይሄን ማንም ወደ ካሴት አልቀዳውም፤ ኢንተርኔትም ላይ የለም።»

ቀስ ያለ ዘፈን ነበር። ገብረትንሣኤ አንድ ስንኝ ይጠይቃል፤ ወፍራሟ ልጅ ብቻዋን ትመልሳለች። ያለ ፊርደውስ፣ ያለ ከበሮ። እትዬ ሰገን ከወንበሩ ተነሡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩና ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጅቷ ስትዘፍን የሰባ ዓመቷ ሴት ከንፈር አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ቃል አልሳቱም። ከተቀረጸበት ቀን ወዲህ ሰምተውት የማያውቁት ዘፈን ነው። በሩ ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ድገመው ልጄ» አሉ ሲያልቅ።

«እደግመዋለሁ። ግን ልንገርዎት፤ ሸክላ በዞረ ቁጥር መርፌው ትንሽ ትንሽ ይበላዋል።»

«ምኑን? ድምፃችንን?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አንሣው! አንሣው!»

ሚናስ ሳቀና ማጫወቻውን በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። አንድ ጊዜ ብቻ አጫውቶ፣ ምንም ሳይጨምቅ፣ እንዳለ ቀዳው። ሁለቱን ዘፈኖች ለማውጣት ብዙም አልፈጀም። ከዚያ አንድ ነገር አማረው። እትዬ ሰገንን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንዲቀመጡ ለመናቸውና የዝናቡን ዘፈን መጀመሪያ ትንሽ ከሸክላው፣ ትንሽ ከኮምፒውተሩ አሰማቸው።

«ሸክላው የቱ ነው?»

«ሁለተኛው» አሉ በሙሉ ልብ።

ኮምፒውተሩ ነበር። እስትንፋሱም፣ መንጣጣቱም፣ ሁለቱ ልጆችም ሁሉም አሉበት። ቀጥሎ ያንን መጀመሪያ ከኢንተርኔት የወረደውን ከፈተላቸው፤ ገና አኮርዲዮኑ ሲነካ «ይሄ እኛን ጥሎን የሄደው ነው» አሉ።

ሚናስ ራሱ ተቀመጠ። ሸክላና ኮምፒውተር ሲያጣላ የኖረ ሰው ነው። «ለካስ የኮምፒውተሩ ጥፋት አልነበረም» አለ። «የሰጠነውን ነው የሚሰጠን። ጥሩውን ብንሰጠው ኖሮ ጥሩውን ይዞ ይቆይልን ነበር።» እኔ እውነቱን ለመናገር አሁንም ሸክላው ይበልጥብኛል፤ ሲሽከረከር ስላየሁት ይሆናል።

«ይሄኛውስ ሲሰሙት አያልቅም?» ብለው ጠየቁ እትዬ ሰገን፣ ሚናስ ሁለቱን ዘፈኖች የጫነበትን ስልካቸውን ይዘው።

«ሺህ ጊዜ ቢሰሙት ያው ነው።»

«ጌታ ሆይ!» አሉ። «በሉ ለፊርደውስ ላኩላት።»

ሁለቱ ጓደኛሞች በየበዓሉ ይደዋወላሉ። ፊርደውስ ዓይኗ ደክሟል፤ ስልክ የምትይዝላት ልጇ ናት። ሸክላው ድሬዳዋ ይሂድ ቢባል በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ እዚያም ማጫወቻ ተፈልጎለት ነው። ሕብረት ግን በቴሌግራም ላከችው፤ ሚናስ ያዘዘልንን ማኪያቶ ሳንጨርስ ስልኳ ጮኸ።

ከድሬዳዋ ነው። ሕብረት ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ሰገን» አለ አንድ ያረጀ ቀጭን ድምፅ።

«አቤት ፊርዱዬ።»

«እኔ እንደዚህ ነበርኩ?»

«እንደዚህ ነበርሽ።»

«ማንም አልነገረኝም እኮ!»

እትዬ ሰገን ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። «እኔንም ማንም አላመነኝም» አሉ።

ከዚያ ፊርደውስ ያለማስጠንቀቂያ «መጣ፣ መጣ» ብላ ጀመረች። እትዬ ሰገን ተከተሏት፤ ግን የስልኩ መስመር ድምፁን እያዘገየ ስለሚያመጣው አልተገናኙም፤ አንዷ ስትደርስ ሌላዋ አልፋለች። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፣ ሦስቴም ተሳሳቱና ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።

«ተይው» አለች ፊርደውስ። «አንቺ አውርጂ፣ እኔ ልቀበልሽ።»

እንደዚያ አደረጉ። እትዬ ሰገን አንድ ስንኝ ይሉና ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ያ ቀጭን ድምፅ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ይደርሳል፤ እንደገና ይቀጥላሉ። ሚናስ ማጫወቻውን አጥፍቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በሩ ላይ ያሉት ሰዎች አልተነቃነቁም።

እትዬ ሰገን ሸክላውን እዚያው ለሚናስ ተዉለት፤ ኮንዶሚኒየማቸው ውስጥ ማጫወቻም የለም። ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ቦርሳውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት። ወደ ላይ ወደ ታክሲው ስንሄድ ሕብረት የእናቷን ክንድ ደግፋ ሄደች።  ታክሲው እስኪሞላ እናትና ልጅ አንዱን ኤርፎን ለሁለት ተካፍለው ተቀመጡ።