አሻጋሪውን ማን ያሻግረው

አያ ሸጋው ውሃ አይፈሩም ነበር። ከአበርገሌ መንገድ በታች ያለው ወንዝ ክረምት ሲሞላ፣ የሰቆጣ ገበያተኛ ዳር ቆሞ ሲያመነታ፣ እርሳቸው ልብሳቸውን አናታቸው ላይ ጠምጥመው፣ በረጅም በትር የወንዙን ሆድ እየዳበሱ ሰውን ያሻግሩ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ቀርቶ አንዲት ፍየል እንኳ ለወንዙ አልገበሩም። አንድ ጊዜ ብቻ የአንድ ቄስ ጥምጥም ተወስዶባቸዋል፤ እሱንም ቢሆን ጥፋቱ የጠምጣሚው ነው ይላሉ።

በ1998 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን ወንዙ የሽቦ ድልድይ ተሠራለት። የምረቃው ዕለት ሕዝቡ “አያ ሸጋው ይቅደሙ!” አለ። ቀደሙ። ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ሲደርሱ ድልድዩ ተወዛወዘ፤ በሳንቃዎቹ መካከል ውሃው ከሩቅ ታየ። ዞር አሉና “ጫማዬን ረስቻለሁ” ብለው ተመለሱ። ጫማ ኖሯቸው አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ከላይ ሲራመድ እርሳቸው ከሥር ይዋኛሉ። ልጃቸው የትናየት ማዶ ተድራ፣ ሰኔ መባቻ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት። ሊያይዋት በሄዱ ቁጥር ውሃ እያንጠባጠቡ ይደርሳሉ። ምነው በድልድዩ ቢመጡ ሲባሉ፣ “ውሃ ቢጥለኝ እዋኛለሁ፤ አየር ቢጥለኝ ምን ልሆን ነው?” ይላሉ።

ሰማንያኛው ቀን ደረሰ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ወንዝ ሞላ ተብሎ ቀን አይለወጥም። አያ ሸጋው በማለዳ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ዳር ሲደርሱ፣ ደጋ ላይ ሲዘንብ ያደረው ውሃ ግንድ ከነሥሩ እያንከባለለ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቀን እርሳቸውም አይደፍሩት። የቀረው ድልድዩ ነው። አንድ እግራቸውን አስቀደሙ፤ መለሱት። ሽቦውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ።

“ምን ትጠብቃለህ?” አሉ አንዲት አሮጊት ከኋላቸው። እማማ ባንቺ ናቸው፤ ስንቱን ክረምት በአያ ሸጋው ትከሻ የተሻገሩ።

“እርስዎን ነው። ይቅደሙ።”

“አብረን እንሂድ እንጂ።”

“ሁለት ሰው አይችልም።”

“ትናንት አህያ ከነጭነቷ ሄዳበታለች።”

አያ ሸጋው አንገታቸውን ደፉ። “እማማ፣ ለሰው እንዳይናገሩብኝ። እፈራለሁ።”

“እኔስ ስታሻግረኝ አልፈራም ነበር? ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮህን አልነበር የምይዝ?”

“ጆሮዬን እንዲህ ያስረዘሙት እርስዎ ነዎት!”

እማማ ባንቺ መቀነታቸውን ፈቱና አንዱን ጫፍ አስያዟቸው። እርሳቸው ከፊት እየጎተቱ፣ አያ ሸጋው ከኋላ ስሙን የሚያውቁትን መልአክ ሁሉ እየጠሩ ገቡ። የድልድዩ ወገብ ላይ ሲደርሱ ነፋስ መጣ፤ አያ ሸጋው ሳንቃውን በሁለት እጃቸው ያዙ። የቀረውን በእንብርክክ ጨረሱት። ከኋላ የተሰለፈው ገበያተኛ ሳቁን አልደበቀም።

ማዶ የትናየት ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች። አያ ሸጋው የጋቢያቸውን ጭቃ እያራገፉ፣ “አየሽኝ?” አሏት በኀፍረት።

“አየሁዎት” አለች። ታለቅሳለች። “ከንጋት ጀምሮ እዚህ ቆሜ ውሃውን ነው የማየው። ዛሬም በዋና ይመጣሉ ብዬ በፍርሃት ሞቼ ነበር። ልጅ ሆኜም ክረምት በመጣ ቁጥር እኔና እናቴ እንዲህ ዳር ላይ እንቆም ነበር። እርስዎ ዞር ብለው አላዩንም እንጂ።”

አያ ሸጋው ሃያ ዓመት ሰው ሲያሻግሩ፣ ዳር ላይ ማን እንደሚቀር አንድ ቀን አስበው አያውቁም።

ልጅቷ ወለተ ሚካኤል ተብላ ክርስትና ተነሣች። ድግሱ ላይ እማማ ባንቺ ምስጢሩን ለሦስት ሰው ብቻ ነገሩ፤ ሦስቱም ለሠላሳ። ከሰዓት በኋላ ውሃው ጎደለ። ጎረምሶቹ ወንዙ ዳር ተሰብስበው “አያ ሸጋው፣ ጎድሏል እኮ! ይግቡ እንጂ!” እያሉ ሳቁባቸው።

ውሃው እውነትም ለእርሳቸው ጨዋታ ነበር። ዞር ብለው ዳር ላይ የቆመችውን የትናየትን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ በድልድዩ ላይ በእንብርክክ ወደ ቤታቸው ሄዱ።