ሰው በሌለበት

የክሊኒኩ ሐኪም ስትጠራት ኩለሱም ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ መወልወያውን በሁለት እጇ እየጠመዘዘች ነበር። ውሃው ጠቁሯል። የቀኝ አውራ ጣቷ በበረኪና ተላልጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

"ማማ ኩለሱም፣ አስተርጓሚያችን ለቃለች። ቦታውን አንቺ ለምን አትይዢውም?" አለቻት ሐኪሟ በስዋሂሊ።

ጎረቤቴ ኩለሱም ሐበሻ በሚበዛበት ኢስሊ ሰፈር ባለው በዚያ ትንሽ ክሊኒክ ዘጠኝ ዓመት ወለል ወልውላለች። ትምህርቷ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ስዋሂሊዋን የለመደችው ገበያ ውስጥ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቁ ሴቶች መጥተው አስተርጓሚዋ ከሌለች ግን የምትጠራው እሷ ነበረች። ያውም ለሳል፣ ለራስ ምታት፣ ለልጅ ትኩሳት ብቻ።

"እኔ እኮ የተማርኩ አይደለሁም።"

"ከነገ ጀምሮ ሁለት ወር ፈቃድ ላይ ነኝ። ስመለስ መልስሽን ትነግሪኛለሽ። እስከዚያ ለመታወቂያው ፎቶ ተነሺ።"

በምሳ ሰዓት አበባ ያለበትን ሻሿን አስተካክላ ጥግ ላይ ካለው ፎቶ ቤት ተነሳች። "ነገ ውሰጂ" አሏት።

ከሰዓት በኋላ ለይላ የምርመራ ውጤቷን ልትሰማ መጣች። ለይላ ሻርፕ ነጋዴ ናት፤ ከዋጋ ቁጥር ያለፈ ስዋሂሊ አታውቅም፤ ስትስቅ ሦስተኛው ሱቅ ድረስ ይሰማል።

"ኩሌ! ወንበር ላይ ልትቀመጪ ነው አሉ። መወልወያውን ለማን አወረስሽው?"

ሐኪሟ ወረቀቱን አየች። "ጡቷ ላይ ያለው ካንሰር ነው። በዚህ ሳምንት ትልቁ ሆስፒታል መግባት አለባት። እንደዚሁ ንገሪያት።"

ኩለሱም የለይላን ፊት አየች። ብቻዋን ነው የመጣችው። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ መጀመሪያ ቤተሰብ ይሰማል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ነው።

"እብጠት ናት" አለቻት። "ትልቁ ሆስፒታል ይዩሽ ብላለች። ወንድምሽ ሲመጣ አብራችሁ ሂዱ።"

"ይኸው ነው? ዋላሂ፣ ፊትሽ አስደንግጦኝ ነበር!" ለይላ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወንድሟ አብዱልፈታ ሞያሌ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም ብላ ኩለሱም ጠበቀችው። በሳምንት ይመጣል የተባለው ሰው አምስት ሳምንት ቆየ። በመጣ ዕለት ሁለት ሽማግሌዎች ይዛ ሱቁ ሄደች፤ ደንቡን ሁሉ ጠብቃ ነገረችው።

አላለቀሰም። "አምስት ሳምንት?" ብቻ አለ።

ትልቁ ሆስፒታል ሲደርሱ በሽታው ጉበቷ ውስጥ ገብቷል ተባሉ።

ሐኪሟ ከፈቃድ ስትመለስ ኩለሱም ያለችውንም ያላለችውንም ሳትደብቅ ነገረቻት።

"ሌላ ሰው የለኝም" አለች ሐኪሟ። "እየሠራሽ ትማሪያለሽ።"

"በማን ላይ?" አለች ኩለሱም። ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

ለይላ አሁን ከአልጋ አትነሳም። ኩለሱም ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ ሄዳ ያበጠ እግሯን ታሽላታለች። ስለዚያ ቀን አንዳቸውም አንስተው አያውቁም።

ፎቶ ቤቱ መንገዷ ላይ ነው። "ማማ፣ ፎቶሽ ከደረሰ ቆየ እኮ!" ይላታል ባለቤቱ ከበሩ ላይ።

"ነገ" ትለዋለች፤ ታልፋለች።