ኦቨርፍሎው እና የጋሼ ሸምሱ ፍራሽ

ለተከታዮቼ በሙሉ፣ በተለይም ጉዳዩ ለማይመለከታችሁ... ሁለቱ ወርቃማ ዓሣዎቼ የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ኦቨርፍሎው የተገጠመለት መሆኑን በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት አሳውቃለሁ። በምረቃው ላይ ሪባን ባይቆረጥም ቱቦ ተቆርጧል።

ኦቨርፍሎው ማለት የገንዳው አፍ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ውሃው ከፍ ሲል በሳጥኑ ጥርሶች መሃል ሾልኮ ይገባና በቱቦ ከታች ወደተቀመጠ ሌላ ገንዳ ይወርዳል። እዚያ ይጣራና ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይልከዋል። ሲወርድና ሲወጣ ይውላል... እንደኛ፣ በታክሲ ከሰባተኛ ሀብተ ጊዮርጊስ።

ችግሩ የምኖረው ራጉኤል አካባቢ፣ የጋሼ ሸምሱ ፎቅ ላይ ተከራይቼ መሆኑ ነው። ወለሉ ስንጥቅ የበዛበት ጣውላ ነው። ከጣውላው ሥር የእሳቸው የስፖንጅ ፍራሽ ሱቅ አለ። ኮርኒስ የለውም፤ ፍራሾቹ ተደራርበው የኔን ወለል ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም።

ገንዳውን ሳስገባ ጋሼ ደረጃው ላይ ቆመው አዩኝ።

«ስማ፣ አንድ ጠብታ ሱቄ ከገባ አንተም ዓሣዎችህም በዚያው ቀን ትወጣላችሁ።»

«ጋሼ፣ እኔስ ልውጣ... ዓሣዎቹ የት ይሄዳሉ?»

«ጥብስ ቤት።»

ስለዚህ የኦቨርፍሎው ምርጫው ቀልድ አልነበረም። መርካቶ ገብቼ ኦቨርፍሎው ስል አንዱ የእጅ መታጠቢያ ማፍሰሻ አወጣልኝ። ሌላው የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትንሳፈፈዋን ኳስ አስጨበጠኝና «ወንድሜ፣ ውሃ ውሃ ነው» አለኝ። በመጨረሻ የሱቅ ማስታወቂያ ፕላስቲክ የሚቆርጥ ሰው አገኘሁና ስዕሉን ከስልኬ አሳየሁት።

«መስታወቱን በስተን እንግጠመው ወይስ ይንጠልጠል?»

«የቱ ይሻላል?»

«መብሳቱ። ግን ከተሰነጠቀ አላውቅህም።»

ይንጠልጠል አልኩ።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀኝ። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፤ ከላይ ያለው ትርፍ ውሃ ግን የሳጥኑ ጥርስ ጋር እስኪደርስ መውረዱን አያቆምም። ስለዚህ የታችኛው ገንዳ ግማሹ ባዶ መሆን አለበት። ቤቴ ገብቼ ልኩ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ሶኬቱን ነቅዬ ሞከርኩት። ውሃው ወረደ፣ ወረደ... ከአፉ በታች ቆመ። ጠብታ የለም። ለራሴ አጨበጨብኩ።

ትናንት ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ሰፈሩ ውስጥ መብራት የለም። ደስ አለኝ። የሥራዬ ውጤት የሚታይበት ቀን መጣ ብዬ በቀጥታ ጋሼ ሱቅ ገባሁ። ልጃቸውን ሊድሩ ያሉ አንዲት እናት ፍራሽ ያማርጣሉ።

«ጋሼ፣ መብራት ሄዷል አይደል? ጠብታ አዩ?»

ጋሼ ወለሉን አዩ። «አላየሁም።»

«ቴክኖሎጂ ነው!»

የሙሽሪት እናት በዚህ መሃል ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። «ከሥር ያለውን አልወስድም፣ ተጨፍልቋል። ያንን የላይኛውን አውርዱልኝ።»

የሱቁ ተሸካሚ መሰላል ላይ ወጥቶ ፍራሹን ሳብ አደረገና ቆመ።

«ጋሼ... እዚህ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

«ስፖንጅ ከበደህ? ምሳ አልበላህም?»

እየተንገዳገደ አወረደው። የተጠቀለለበት ላስቲክ ከላይ በኩል ተቀዷል። እናትየው ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። መቼም ፍራሽ ሳይቀመጡበት አይገዛም... ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

ፏ!

ውሃው በተቀደደው ላስቲክ ወጥቶ የጋሼን ጫማ አጠበው። እናትየው ተስፈንጥረው ተነሱ። ቀሚሳቸውን ከኋላ ዳሰሱ። ከዚያ ጩኸታቸውን ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

«ሸምሱ! ማን የሸናበትን ነው ለሙሽራ የምትሸጥልኝ?»

የጎረቤት ነጋዴዎች አንገታቸውን አሰገጉ። አንዱ ከወዲያ ማዶ «ሸምሱም ያገለገለ መሸጥ ጀመረ?» ሲል ሰማሁት። ጋሼ እጃቸውን ነክረው አሸተቱ።

«ወላሂ ውሃ ነው! ውሃ ነው፣ እትዬ!»

«የሸና ሁሉ ውሃ ነው ይላል!»

አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ከውሃው ጋር ወጥታ የጋሼ ጫማ ላይ ተለጥፋለች። የታችኛው ገንዳዬ ውስጥ የምትንሳፈፍ ቅጠል። ጋሼ ቅጠሏን አዩ። እኔን አዩኝ።

ዝም ብል የሰውዬው ስም መርካቶ ላይ አለቀ። ብናገር ማደሪያዬ አለቀ።

«የ... የኔ ነው! የዓሣዎቼ ነው!»

«ጭራሽ የዓሣ!» አሉ እናትየው።

ጋሼ ደረጃውን ወጡ። ተከተልኳቸው። በሬ ክፍት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ጎንበስ ብለው ወለሉን በጨርቅ ያደርቃሉ። የታችኛው ገንዳ እስከ አፉ ግጥም ብሏል፤ ቀዩ ፕላስተር ሰምጧል።

«መጣህ ልጄ? ውሃ መጥታ ነበር!»

የግቢያችን ወግ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነች ወደ ሥራ የሚሄድ ቁልፉን እሳቸው ጋ ይተዋል። ውሃ ስትመጣ የሁላችንንም ዕቃ ይሞላሉ።

«ጀሪካኖችህን ሞላሁ። ያንን የመስታወቱንማ ግማሹን ባዶ ትተኸዋል... ውሃ መጥታ ባዶ ዕቃ ማየት አልችልም! እስከ አፉ አደረግኩልህ። መብራት ሲሄድ ትንሽ ፈሰሰች እንጂ።»

ጋሼ «ውጣ» የምትለውን ቃል ከንፈራቸው ላይ ይዘው ነበር የመጡት። ቃሏን አየኋት። እትዬ ዘይነባ ቀና አሉ።

«ምነው፣ ጫማህ ምን ሆነ?»

ጋሼ ቃሏን ዋጡ።

«ምንም... ውሃ መጥታ ነበር አሉኝ።»

ፍርዱ ደረጃው ላይ በሹክሹክታ ተሰጠኝ። «ቤቱን አትለቅም። ፍራሹን ግን ትወስዳለህ። ለዘይነባ ደግሞ ትንፍሽ በልና!»

ታች የሙሽሪት እናት የቀሩትን ፍራሾች በሙሉ አስወርደው፣ ሁሉም ላይ ተቀምጠው፣ በተነሱ ቁጥር እጃቸውን እያሸተቱ አንዱን ወሰዱ። ተሸካሚው እስካሁን አያናግረኝም።

በአሁኑ ሰዓት ሁኔታው ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ነው። ዓሣዎቹ ጤነኛ ናቸው፣ የጋሼ ስም ተመልሷል፣ ፍራሹም ደርቋል።

ማረሚያ፦ ከላይ «ፍራሹም ደርቋል» ተብሎ የተገለጸው ስህተት መሆኑን ጸሐፊው ከተኛበት ሆኖ አረጋግጧል።