የካቦው ሳህን

ካቦ የሆንኩ ዕለት ምሳዬ ለብቻ በሳህን ቀረበልኝ።

እስከዚያ ድረስ ከአዳማ አንስቶ እስከ ቡልቡላ የአስፋልቱን ጉድጓድ በሬንጅ ስንደፍን የኖርን ሠራተኞች የምንበላው ከአንድ ትሪ ነበር። አለቃችን ለስብሰባ ብሎ አዲስ አበባ እንደሄደ ቀረ። ከመሥሪያ ቤት በሬዲዮ «አንተ ምራቸው» አሉኝ፤ በቃ። ቀትር ላይ ያቺ የብረት ሳህን መጣች፣ ያውም ወጡ ሞልቶ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ካቦ አይደሉ እንዴ?» አሉኝ ምግብ የሚያበስሉልን የሁሩታው ሽማግሌ። ትናንት «አንተ ቀልማዳ» ሲሉኝ የነበሩት ሰውዬ! የአባቴ እኩያ አንቱ ሲሉኝ ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ይባላል? ድንኳኔ ደጃፍ ተቀምጬ በላሁ። እነሱ ትሪውን ከበው ይሳሳቃሉ፤ እኔ ብቅ ስል ዝም።

የደርግ መጨረሻ ሰሞን ነበር። ከሰሜን የተበተነ ወታደር ጠብመንጃውን አንግቶ በመንገዳችን ወደ ደቡብ ይጎርፋል። አንዳንዱ ውኃ ይለምነናል፣ አንዳንዱ ናፍጣችንን አይቶ ያፈጣል። ሬዲዮው ጭጭ አለ። ልጆቹ አገራቸው መግባት ፈልገዋል፤ ግን ያለ ፈቃድ ሥራ ጥሎ መሄድ በዚያ ዘመን ያሳስራል። ሁሉም ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ለነሱ እኔ አለሁላቸው፤ ለእኔ ማን አለኝ? እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ያን ያህል ሰው መሀል ሆኜ እንደዚያ ብቸኝነት በልቶኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ተነሣሁና ሳህኔን ይዤ ወደ ትሪያቸው ሄድኩ።

«ነገ ጠዋት ወደየቤታችሁ ሂዱ» አልኳቸው።

«ማን ፈቀደ?»

«እኔ! ከተጠየቀም እኔ እጠየቃለሁ።»

«እርስዎስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ዳምጠው መኪናውንና ናፍጣውን ማን ይጠብቃል? ለእኔ መኪና ይላክልኛል።» ውሸቴን ነው፤ ማን ይልክልኛል? ከዚያ ሳህኔን ትሪያቸው ላይ ገለበጥኩት። «አሁን ካቦ የሚባል የለም፣ ጠጋ በሉልኝ!»

ሽማግሌው ጠጋ አሉና «ና እንግዲህ፣ አንተ ቀልማዳ» አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው አልኩ። እስኪመሽ ድረስ ስንቀላለድ ዋልን።

ጠዋት «ነገቲ፣ ደኅና ሁን» እያሉ አቅፈውኝ በሚያልፍ ጭነት መኪና ተሳፈሩ። አስፋልቱ ላይ ቆሜ መኪናው እስኪጠፋ አየሁት።

ድንኳን ስገባ ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት ምሳዬን ሠርተው፣ በጨርቅ ሸፍነው አስቀምጠውልኛል። በሳህኔ አይደለም፤ በትልቁ ትሪ ነው። በለመድኩት ጥግ ተቀምጬ በፊቴ ያለውን በላሁ። የነሱ በኩል ሳይነካ ቀረ።