የሜትሩ ሌላኛው ጫፍ

ትናንት መካነ ሰላም መናኸሪያ አንድ ረዳት የሚኒባሱን ስፖኪዮ ገጭ አድርጎ ሲያጥፈው ሰማሁና ሽንኩርት ልገዛ የወጣሁት ሴትዮ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። የዓባይ ጭቃና የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬ ሥር መጣ።

ዛሬ ሰው ዓባይን በድልድዩ ሽው ብሎ ያልፋል። ድልድዩ ሳያልቅ ግን መኪና የሚሻገረው በሰፊ የብረት ጀልባ ነበር። እኔም አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቆላ ወርጄ እዚያው ተቀጠርኩ። ሥራዬ መለካት ነበር። አለቃዬ ከማዶ፣ ከጎጃም የመጣ ወጣት ነው። እሱ የሜትሩን አንድ ጫፍ መኪናው አፍንጫ ላይ ይይዛል፣ እኔ ሌላውን ከኋላ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራና በጀልባው ወለል ላይ በጠመኔ ያሰምራል፤ ስንት መኪና እንደሚገባ የምናውቀው በዚያ ነበር። ተጠጋግተው እንዲቆሙም የየመኪናውን ስፖኪዮ ገጭ እያደረገ ያጥፋል። ፀሐዩ ይፋጃል፣ እኔ ግን ቤቴ መሄድ አያምረኝም። ወድጄው ነበር፣ ምን ልደብቅሽ። አንድ ቀን አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ይልካል ብዬ እጠብቅ ነበር።

ታላቅ እህቴ ስንቅ ይዛልኝ ወረደች። አድሬ እመለሳለሁ ብላ ሰነበተች።

"ነይ እስኪ፣ ይችን ያዥልኝ" አላትና የእኔን ጫፍ ሰጣት። ለእኔ ጠመኔው ደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ ቁጥር ጮክ ብሎ መጥራት ቀረ፤ ሜትሩን እየጠቀለለ ይሄድና ጆሮዋ ሥር ይነግራታል። አንዲት ቪትዝ መለካት ያን ያህል ያስቃል? ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ የምሰማው ለካ እውነት ነው። ሳቋን ጠላሁት፣ ቀሚሷን ጠላሁት፣ የጋገረችልኝን ዳቦ ሳይቀር ለሹፌሮች አደልኩት።

አንድ ጠዋት የባሕር ዛፍ እንጨት የጫነ አይሱዙ መጣ። ሁለቱ እየተሳሳቁ መኪናውን ብቻ ለኩና ከኋላ ተርፎ የወጣውን እንጨት ረሱት። መኪናው ገብቶ የጀልባው መዝጊያ ሊነሳ ሲል "ቁም! እንጨቱ!" ብዬ ጮህኩ።

"ያረቢ!" አለ ከኩታበር የመጣው የአይሱዙው ሹፌር። "አንቺ ልጅ ባትኖሪ እንጨቴን ዓባይ በልቶት ነበር።"

የአለቃዬ ፊት አመድ መሰለ። አይሱዙው ወደ ኋላ ከወጣ በኋላ ብቻውን ወደ እኔ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"አባትሽ ማንን ብልክባቸው ነው የማያሳፍሩኝ?" አለኝ።

"ለምን?" አልኩት፤ ያወቅሁ መስሎኝ።

"እህትሽ እሺ ብላኛለች።"

የጀልባው ሞተር ተነሳ። ጭሱን አየሁት። የማይሆን ሰው ስም ብጠራለት አባቴ እንደሚመልሳቸው አውቃለሁ። ስሙም ምላሴ ላይ ነበር።

"የንስሐ አባታችንን ላክ፤ እሳቸውን እምቢ አይልም" አልኩት።

"እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ" አለኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ የሚጠራኝ በስሜ ነበር።