ይቅርብኝ ያልኩት ደሴት

ልጅ እያለሁ መጀመሪያ ሲጠይቁኝ እሺ አልልም ነበር። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። «በአንድ ጥሪ የሚሮጥ ልጅ ቤቱ ሳይበላ የወጣ ይመስላል» ትል ነበር። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብ ሆዴ እየጮኸ «በቃኝ» እላለሁ። ይለምኑኛል፣ እንደገና እምቢ እላለሁ፤ «በሞቴ!» ሲሉኝ ብቻ እጄን እዘረጋለሁ። ሥርዓቱን ለማኙም ተለማኙም ስለሚያውቁት ማንም ተርቦ አይቀርም። በልጅነታችሁ ወደ አሜሪካ የመጣችሁ ታስታውሱታላችሁ። በአሥራ አንድ ዓመቴ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የአባቴ አፓርትመንት ስገባ ከሻንጣዬ ሌላ ይዤው የመጣሁት ይህንኑ ነው።

አባቴን የማውቀው በስልክ ነበር። አሜሪካ የሄደው እኔ ገና ዳዴ ስል ነው። እኔ ባልነበርኩባቸው ዓመታት ግን ቤቱ ባዶ አልነበረም። እህቱ ከልጇ ከሶልያና ጋር አብራው ትኖር ነበር። ሶልያና እዚሁ የተወለደች፣ በዕድሜ የምበልጣት ልጅ ናት፤ በክፍል ግን ትበልጠኝ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ እሷ ወፍራም መጻሕፍት ስታነብ እኔ ሥዕል የበዛባቸውን አገላብጥ ነበር። ይህስ ባልከፋ። ብስክሌት ያስተማራት አባቴ ነው። ዋና ያስተማራት አባቴ ነው። እኔ ከእናቴ ዘመዶች ሰምቼ «ጋሼ» የምለውን ሰው እሷ «አባዬ» ትለዋለች። ማታ ማታ እግሯን ጭኑ ላይ ጥላ ቴሌቪዥን ስታይ፣ እኔ ጥግ ይዤ የመጽሐፌን አንድ ገጽ ሳልገልጥ አመሽ ነበር።

በመጣሁ በዓመቱ ሰመር ላይ የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ የሞተር ጀልባ ገዛ። ቤልትስቪል የሚባል ከተማ ውስጥ ጋራዥ ነበረው። ጣና ዳር ስላደገ፣ ውሃ ካላየ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለውም። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ሥራ ስላለባት እኛ ሦስታችን ከሱ ጋር ሄድን። ጀልባዋን ከመኪናው ኋላ አስሮ ወደ ሰሜን ነዳ። ቼሳፒክ የሚሉት የባሕር ወሽመጥ ላይ ሰው የማይኖርባቸው ትንንሽ ደሴቶች እንዳሉ እየነገረን፣ መኪናው ቤንዚንና ሶልያና የምትቀባውን የኮኮናት ክሬም እየሸተተ ደረስን።

እኔ ውሃ ሲባል የማውቀው ወተት የገባበት ሻይ የሚመስለውን የፖቶማክን ወንዝ ነበር። እዚያ ግን ከሥር የበቀለው ሣር አጥርቶት፣ ጎንበስ ስል የጀልባችን ጥላ አሸዋው ላይ ሲሄድ ይታየኛል። ሸርጣን በጎኑ እየሮጠ ሣሩ ውስጥ ሲደበቅ አየሁ። ፊት ለፊታችን ያለችው ደሴት ጥቂት ዛፎችና ብዙ ነጭ ወፎች ብቻ ነበሩባት። እዚያች ደሴት ላይ ከአባቴ ጋር መራመድ አማረኝ። እንደዚያ ያማረኝ ነገር ብዙ የለም።

ጋሽ ታደሰ መልሕቅ ጣለ። አባቴ ወረደ፤ ውሃው ወገቡ ጋ ደረሰ። ሶልያና ማንም ሳይጠራት ጀርባው ላይ ዘለለች። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «ትመጫለሽ?» አለኝ።

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

«እሺ» አለና ሄደ።

ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር። አልመጣም። እየራቁ ሄዱ። ሳቃቸው ውሃው ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል። ዳር ላይ አወረዳትና ከአሸዋው ላይ የሆነ ነገር አንስቶ ሰጣት። ሸርጣኑ የእግሯን ጣት እንዲይዝልኝ ተመኘሁ። ያ ሁሉ የጠራ ውሃ ድፍርስ እንዲልባቸውም ተመኘሁ።

ጋሽ ታደሰ ሳንድዊች ዘረጋልኝ።

«በቃኝ።»

«ኧረ ብዪ!»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ታደሰ ይሙት!»

ተቀብዬ ሁለት ጊዜ ገመጥኩ። እሱ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ደሴቲቱን አየ። «አንቺ፣ መሄድ ፈልገሽ ኖሯል እንዴ?» አለኝ። አቀረቀርኩ። ተነሥቶ እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ! ልጅቷን ለምናት እንጂ!»

«እምቢ አለች እኮ!» አለ አባቴ ከሩቅ።

«ታዲያ ጨዋ ልጅ ምን ልትል ነበር? አንዴ ጠይቀህ ትሄዳለህ? ጨርሰህ ፈረንጅ ሆንክ!»

አባቴ ውሃውን እየገፋ ብቻውን ተመለሰ። የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ቀና ብሎ አየኝ። «ረስቼው ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ነይ።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ነይ እንጂ፣ በሞቴ!»

ጀርባውን ሰጠኝ፤ ወጣሁበት። በፀሐይ የሞቀ፣ ሰፊ ጀርባ ነበር። ኮኮናት ኮኮናት ይሸታል።

ዳር ስንደርስ ሶልያና በእንግሊዝኛ «መምጣት ከፈለግሽ ለምንድነው ኖ ያልሽው?» አለችኝ። ከልቧ ነበር የጠየቀችው። ደሴቲቱን ስንዞር አባቴ እጄን ይዞ «እሾህ እንዳይወጋሽ፣ ድንጋዩ እንዳያዳልጥሽ» ይለኝ ነበር። እሷ ወደፊት ሮጣ ድንጋይ ለድንጋይ ስትዘል ምንም አላላትም።

አሁን ሶልያና አግብታ በርክ የሚባል ሰፈር ትኖራለች። ባሏ ጀልባ አለው። አባቴ የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት አጠገብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ትደውልና «አባዬ፣ ደሴቶቹ ጋ እንሂድ?» ትለዋለች። «እሺ» ይላል፤ አለቀ። ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ውሃው እንዴት እንደጠራ ይነግረኛል። እኔ ምሳ እንብላ ስለው ግን «አይ፣ አትቸገሪ፤ ሥራ አለብሽ» ይላል። መለመን አለብኝ። ያኔ እንዲለምነኝ ስል ተንገብግቤ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ መለማመን በማያስፈልጋት እቀናለሁ። ከኔ ጋር ጨዋ፣ ከሷ ጋር አባት ሆኖ አረጀ እያልኩ ሳስብ እናደዳለሁ።

ባለፈው እሑድም ለምሳ ልወስደው ሄጄ ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ኑ እንጂ ጋሼ» አልኩት። «ይቅርብኝ» አለ። «ኧረ በሞቴ!» ብዬ በሩን ገፋ አደረግሁት። ጫማውን አሥሮ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር እምቢ የሚለኝ።