የአክስቴ ራስጌ

አክስቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ከሮም ወደ ደብረ ማርቆስ የተመለሰችው በልጇ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ሆና ነው። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በገባ ሰሞን ነበር። ልጇ ሻንጣውን እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ዚፑን ከፈተች፣ የዱቄት ወተት ጣሳ የሚያክል ክዳኑ የታሸገ ክብ የብረት ዕቃ አወጣችና «እማዬ ናት» አለችን። እናቴ ዕቃውን አየች፤ ሻንጣውን አየች፤ ሌላ የሚገባ ነገር እንዳለ ደግሞ ወደ በሩ አየች።

የሚገባ ነገር አልነበረም። አስከሬን ይዞ መምጣቱ የማይሞከር ሆኖባት ልጅቱ እናቷን አስቃጥላ አመዷን ነበር ያመጣችልን።

ሃይማኖት አጥታ እንዳይመስላችሁ። ሃይማኖቷማ ከእኔ ይበልጣል። አክስቴ ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት ስታስታምም ነው የኖረችው፤ የምትሳለመውም እዚያው ሰፈር ያለውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ነገሩን ለልጅቱ በደንብ አስረድተዋታል። መቅበር ይሻላል፤ ትንሣኤን ለመካድ እስካልሆነ ድረስ ግን ማቃጠልም አይከለከልም። አመዱ አይበተንም፣ አይከፋፈልም፣ ቤት ውስጥም አይቀመጥም፤ የተባረከ መሬት ማረፍ አለበት። ልጅቱ አንድም ሳታጓድል ፈጸመች። የተባረከ መሬት ሲሏት ትዝ ያላት እናቷ ስታወራላት ያደገችው፣ ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ያለው፣ አያቴ የተቀበሩበት ደብር ነው። የሮሙ ቄስ ያልነገሯት ነገር ቢኖር ያ መሬት የራሱ ቄሶች እንዳሉት ብቻ ነው።

በእኛ አገር ሰው ይቃጠላል ቢባል ከፍርድ በኋላ ነው። አክስቴ ተራዋን ሳትጠብቅ ተቃጥላ መጣች። እናቴ አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ ልጅቱን ረገመቻት፣ ወዲያው ደግሞ አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ የምትፈልገውን ተናገረች። እህቷ ከአባታቸው አጠገብ፣ እንደ ሰው፣ ፍትሐት ተደርጎላት እንድትቀበር ነው የምትፈልገው። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ አለች።

እናቴን ይዤ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። የዚያው ደብር ቄስ ናቸው፤ ሸምግለዋል፣ ጨዋታም ያውቃሉ።

«አባ፣ እህቴ ተቃጥላ መጣችብኝ» አለቻቸው።

«እግዚኦ! ቤቷ ውስጥ ሳለች ነው?»

«ኧረ ከሞተች በኋላ ነው።»

ይኼ ይበልጥ ግራ አጋባቸው። «ከሞተች በኋላ ደግሞ ምን አጠፋች?»

ሲገባቸው አማተቡና ሥርዓቱን ነገሩን። ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው። ጌታ ተገንዞ ተቀበረ እንጂ አልተቃጠለም፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያንም ሜሮን የተቀባ ገላን ለእሳት አትሰጥም። እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ ጣልቃ ገባሁና በእሳት የሞቱ ሰማዕታት የሉም ወይ ስል ጠየቅሁ።

«አሉ እንጂ» አሉኝ። «የእነሱን እሳት ያነደደው ግን ጠላት ነው። ልጅ አይደለም።»

እናቴ ግን ክርክር ሳይሆን መቃብር ነበር የመጣችበት፤ እግራቸው ላይ ወደቀች። ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ይኸን የነገርሽኝን እንደ ኑዛዜ ይዤዋለሁ። የተዘጋ ሣጥን ከመጣልኝ ፍትሐቱን አደርሳለሁ። የሰው ሣጥን ከፍቼ የማየት ልማድ የለኝም። እንደተዘጋ ይምጣ፣ እንደተዘጋም ይግባ። አደራ።»

ሮም ስንት ዘመን አውጥታ አውርዳ የደረሰችበት ላይ አባ ምሳ ሳይደርስ ደረሱ።

ሣጥኑን ደብረ ማርቆስ አሠራን። አናጢው ቁመቷን ሲጠይቅ የአክስቴ ልጅ በሁለት መዳፏ ልታሳየው ስትል እናቴ እጇን ያዘቻትና «እኔን ታክላለች» አለች። ዕቃውን በነጭ አቡጄዴ ገነዘችው፤ እግርና እጅ ብታጣ ጊዜ የምታስርበት ክር በጣቷ እንደተጠመጠመ ቀረ። ያን ጊዜ ከልቤ አዘንኩላት። ቀጥላ ከሣጥኑ ራስጌ አጋደመችው። እናቁመው ብላት ሰው ቆሞ አይቀበርም አለች። ክፍት ቦታውን በጭድ እንሙላው ስላትም «ከሰው ጋር ጭድ የሚቀብረው የየት አገር ሰው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ክዳኑ ላይ፣ በራስጌው በኩል፣ መስቀል ተመታበትና ተቸነከረ።

መኪናው ከሚደርስበት እስከ ደብሩ የአገሩ እድርተኛ በትከሻው ተሸከመልን። ሣጥኑ ቀለላቸው።

«ፈረንጅ አገር ሰው እንዲህ ይከሳል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ጻድቅ ሰው ቀላል ነው» አለ ሌላው።

ደብሩ ስንደርስ የአክስቴ ቅድስና በሰልፉ ሁሉ ተወርቶ አልቋል። ጉድጓዱም ተቆፍሯል። ቆፋሪዎቹ ከአፈሩ ጋር የማን እንደሆነ የማይታወቅ የአገጭ አጥንት አውጥተው ጎን ላይ አስቀምጠውታል፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሙት በማክበር የሚያህለን የለም፤ ቦታ ሲጠበን ግን እናሸጋሽገዋለን።

እኛ ዘንድ ሙት ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ነው የሚያርፈው። በትንሣኤ ቀን ሲነሣ ፊቱ ወደሚመጣው ጌታ እንዲሆን ነው። አባ ፍትሐቱን አደረሱ፣ መጽሐፋቸውን ዘጉ፣ ሣጥኑ በገመድ መውረድ ጀመረ። መስቀሉ በምዕራብ ነው፤ ሁሉ ነገር ልክ ነው። በምሥራቅ በኩል የያዙት ግን ገመዱን ቀድመው ለቀቁት። ሣጥኑ አዘነበለና ከውስጡ አንድ ነገር ተንከባልሎ ግርጌውን ድም አደረገው።

«አቁሙ!» አለች እናቴ። «ራስጌዋ ተሳስቷል!»

የእድሩ ዳኛ፣ ሽበታም ገበሬ፣ በዘንጋቸው መስቀሉን አሳዩዋት። «ይኸው እኮ፣ እቴ። ሣጥኑ ልክ ነው።»

«ሣጥኑማ ልክ ነው። የዞረችው እሷ ናት።»

ሰው ኀዘን ነው ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። አባ ተጠግተው «ልጄ፣ እግዚአብሔር ራስጌዋን ያውቀዋል፤ ተይ» አሏት፤ ዓይናቸው ይለምናት ነበር። እኔም ነጠላዋን ጎተትኩ። የፈለገችውን ሁሉ አግኝታለች፤ አፈሩ እስኪመለስ ዝም ብትል በቃ።

«እሱማ ያውቀዋል፣ አባ» አለች። «እሷ ስትነሣ ወዴት እንደምትዞር ማን ይነግራታል?»

ሊያባብሏት ሣጥኑን መልሰው ሳቡት። ሲስቡት ወደ ራስጌ ተንከባለለ፤ ሲያስተካክሉት ተመልሶ ወደ ግርጌ። አሁን ሁሉም ሰማ። ጻድቋን የተሸከሙት ሰዎች እርስ በእርስ ተያዩ።

«ምንድን ነው የሚንከባለለው?» አሉ ዳኛው።

አባ መጽሐፋቸውን ያገላብጡ ጀመር። የአክስቴ ልጅ ፊቷን ሸፈነች። አንድ ውሸት ቢሰጠኝ ብዬ አሰብኩ፤ አልመጣልኝም።

«እህቴ ናት» አለች እናቴ። «ከእሷ የተረፈኝ እሱ ነው። አቃጥለው ነው የሰጡኝ።»

ዳኛው አባን አዩ፤ አባ መሬቱን አዩ። በዚያች ሰዓት አክስቴ ሣጥኗን ይዛ ወደ መኪናው የምትመለስ መሰለኝ። ዳኛው ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፣ ቆባቸውን አወለቁ፣ ወደ ገመድ ያዦቹ ዞሩ።

«የምዕራቡን ቀድማችሁ ልቀቁ» አሉ። «ቀስ ብላችሁ።»

ለቀቁ። አክስቴ ከግርጌ ተነሥታ ሣጥኑን ከዳር እስከ ዳር ስታቋርጥ ሁላችንም ቆመን አደመጥናት። ራስጌው ጋ ስትደርስ ቆመች። እናቴ ጆሮዋን ሰጥታ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ጎንበስ አለችና አፈር ዘገነች።